«ጨጓራዬ ነው» ከማለታችሁ በፊት፦ የአንድ ጉርሻ ጉዞ ከአፍ እስከ መጨረሻው

ዛሬ ረዘም ያለ ጽሑፍ ይዤ መጥቻለሁ። ቡናችሁን ያዙና ተረጋግታችሁ አንብቡት።

አማርኛችን ሆድ ዕቃን ሥራ አያስፈታም። ስንናደድ «ቆሽቴ አረረ» እንላለን። ሰው ሲነዘንዘን «ጨጓራዬን ላጠው»፣ ስናዝን «አንጀቴን በላው»፣ ስንፈራ «ሐሞቴ ፈሰሰ»፣ ምሥጢር ስንይዝ ደግሞ «ሆድ ይፍጀው»። ግን እስቲ «ቆሽት የት ጋ ነው? ሐሞትስ?» ብላችሁ አጠገባችሁ ያለውን ሰው ጠይቁት። አብዛኛው ሰው እጁን የት እንደሚያደርግ ግራ ይገባዋል።

ይሄ የዕውቀት ጥያቄ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩት። ክሊኒክ ስቀመጥ ግን በየቀኑ የምሰማው ነገር አለ። ከእምብርት በላይ ያመመው «ጨጓራ ነው» ይላል፣ ደረቱን ያቃጠለው «ጨጓራ ነው» ይላል፣ በቀኝ ጎኑ የወጋው፣ ሆዱ የተነፋው፣ ሁሉም «ዶክተር፣ ጨጓራ አለብኝ» ነው የሚለው። ሁላችንም እኮ ጨጓራ አለብን! ጨጓራ የአካል ስም እንጂ የበሽታ ስም አይደለም። ችግሩ ስሙ ላይ ብቻ ቢሆን ስቀን እናልፈው ነበር። ነገር ግን ስሙን ተከትሎ ከፋርማሲ ኦሜፕራዞል ይገዛል፣ ለወራት ይዋጣል፣ እውነተኛው በሽታ ደግሞ ተደብቆ ይከርማል።

ስለዚህ ዛሬ አንድ ጉርሻ ተከትለን አብረን እንጓዝ። ምሳ ሰዓት ነው እንበል። እንጀራ በሽሮ፣ ከጎኑ ትንሽ ጥብስ። እንጀራው በዋናነት ስታርች ነው፣ ሽሮውና ሥጋው ፕሮቲን አላቸው፣ ዘይቱና ቅቤው ስብ ነው። ሦስቱም የሚፈጩበት ቦታ የተለያየ ነው። ጎረስን፣ እንሂድ።

1. አፍ፦ ወፍጮ ቤቱ

ምግብ መፈጨት የሚጀምረው ጨጓራ ውስጥ ሳይሆን አፍ ውስጥ ነው። ጥርስ ይሰባብራል፣ ምላስ ያገላብጣል፣ ምራቅ ያርሳል። በቀን ከ1 እስከ 1.5 ሊትር ምራቅ እናመነጫለን። ምራቅ ውስጥ አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም አለ፤ ሥራው ስታርችን ወደ ስኳር መሰባበር ነው። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ አንድ ቁራሽ ዳቦ ሳትውጡ ለአንድ ደቂቃ ያህል አኝኩ፤ ቀስ በቀስ መጣፈጥ ይጀምራል።

ሲዋጥ ደግሞ ጉሮሮ ላይ መንታ መንገድ አለ። አንዱ ወደ ሳንባ፣ ሌላው ወደ ጨጓራ ይሄዳል። ኤፒግሎቲስ የሚባል ክዳን የአየር ቧንቧውን ይከድናል፣ ጉርሻው በጀርባ በኩል ያልፋል። እየበላን ስናወራ ወይም ስንስቅ ክዳኑ በሰዓቱ ሳይዘጋ ይቀርና ትን ይለናል። እናቶቻችን «እየበላህ አታውራ» የሚሉት ለሥነ ምግባር ብቻ አይደለም ማለት ነው።

2. የምግብ ቧንቧ፦ የ10 ሰከንድ መንገድ

የምግብ ቧንቧ (ኢሶፈገስ) ወደ 25 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ከአየር ቧንቧና ከልብ ጀርባ አልፎ፣ ደረትንና ሆድን የሚለየውን ጡንቻ፣ ማለትም ድያፍራምን፣ ሰንጥቆ ወደ ጨጓራ ይገባል። ጉርሻው ዝም ብሎ አይወድቅም። ጡንቻው ከላይ ወደ ታች እየጨመቀ ይገፋዋል፤ 10 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ተኝታችሁ ብትውጡ እንኳን ምግቡ መንገዱን አይስትም።

ከታች ጫፉ ላይ እንደ በር የሚዘጋ ጡንቻ አለ። ይሄ በር ሲላላ የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ ይመለሳል። ያኔ ነው ከደረት አጥንት ጀርባ የሚያቃጥለንና አፋችን ውስጥ ኮምጣጣ ነገር የሚሰማን፤ ቃር የምንለው ማለት ነው። ቃርና የጨጓራ ቁስለት አንድ አይደሉም። ለቃር ከመድኃኒት በፊት የሚደረጉ ነገሮች አሉ፦ እራት በልቶ ወዲያው አለመተኛት (ቢያንስ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ቆዩ)፣ በአንዴ ብዙ አለመብላት፣ ክብደት ከልክ ካለፈ መቀነስ፣ የአልጋውን ራስጌ ከፍ ማድረግ፣ ሲጋራ ማቆም።

እዚህ ላይ አንድ ከበድ ያለ ነገር ልናገር። «ምግብ እየቀረቀረኝ ነው» የሚል ሰው፣ በተለይ መጀመሪያ ጠጣር ምግብ ብቻ፣ ቀጥሎ ፈሳሽም አላልፍ ካለው፣ ፋርማሲ ሳይሆን ሆስፒታል ነው መሄድ ያለበት። የምግብ ቧንቧ ካንሰር በአገራችን በተለይ በአርሲና በባሌ አካባቢ በብዛት እንደሚታይ በሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋምም በ2016 እ.ኤ.አ. ከ65 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሆነ በጣም የሚፋጅ መጠጥ «ለካንሰር ሊያጋልጥ ይችላል» ከሚባሉት ተርታ መድቦታል። ሻይና ገንፎ አትብሉ፣ አትጠጡ እያልኩ አይደለም፤ ትንሽ ይብረድ ነው የምለው።

3. ጨጓራ፦ ስሙ የጠፋው አካል

ጨጓራ የሚገኘው ከግራ የጎድን አጥንቶች ሥር ጀምሮ ወደ መሐል፣ ከእምብርት በላይ ነው። ስለዚህ ከእምብርታችሁ በታች ካመማችሁ ጨጓራን ለመጠርጠር አትቸኩሉ። ሲሞላ ከ1 እስከ 1.5 ሊትር ይይዛል። ጉርሻችንን እንደ ሊጥ እያሸ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ያቆየዋል። ስብ የበዛበት ምግብ የበለጠ ይቆያል፤ ዶሮ ወጥ በልተን ማታ ድረስ የማይርበን ለዚህ ነው።

ጨጓራ የሚያመነጨው አሲድ እንደ ሎሚ ጭማቂ ወይም ከዚያ የባሰ ነው። ሥራውም ሦስት ነው፦ ከምግብ ጋር የገቡ ጀርሞችን መግደል፣ የፕሮቲንን እጥፋት መፍታት፣ ፔፕሲን የተባለውን ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም ማንቃት። ሥጋችንን የሚፈጭ አሲድ ራሱን ጨጓራን ለምን አይፈጨውም? ውስጡ በወፍራም ልጋግ ስለተለበጠ፣ የግድግዳው ሴሎችም በየጥቂት ቀናት ስለሚታደሱ ነው።

ቁስለት የሚመጣው ይሄ ልባጭ ሲሸነፍ ነው። ዋናዎቹ ምክንያቶች ሁለት ናቸው።

አንደኛው ኤች ፓይሎሪ የሚባል ባክቴሪያ ነው። ድሮ የዓለም ሐኪሞች በሙሉ ማለት ይቻላል «ቁስለት የሚመጣው ከጭንቀትና ከቅመም ነው» ይሉ ነበር። ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል የሚባሉ ሁለት አውስትራሊያውያን ሐኪሞች «አይ፣ ባክቴሪያ ነው» ሲሉ ሰሚ አጡ። በ1984 እ.ኤ.አ. ማርሻል ባክቴሪያውን በፈሳሽ በጥብጦ ራሱ ጠጣው! ከቀናት በኋላ ታመመ፣ ጨጓራውም ተቆጣ። በ2005 ሁለቱ ሐኪሞች የኖቤል ሽልማት ተሸለሙ። ስለዚህ በርበሬን በከንቱ አንውቀሰው። ያለውን ሕመም ሊያባብስ ይችላል እንጂ ቁስለቱን የሚፈጥረው እሱ አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት የሕመም ማስታገሻ ነው። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ አስፕሪን፣ ኢንዶሜታሲን የመሳሰሉት የጨጓራን መከላከያ ልባጭ ያሳሳሉ። ለጀርባ ሕመም በየቀኑ ዳይክሎፌናክ፣ ዳይክሎፌናኩ ላመጣው ሕመም ደግሞ ኦሜፕራዞል የሚወስድ ሰው ብዙ ነው። ፓራሲታሞል ከእነዚህ ወገን አይደለም።

ስለ ኤች ፓይሎሪ ምርመራ ሁለት ነገር ያዙልኝ፦

- የደም ምርመራው የሚያየው ፀረ እንግዳ አካልን ነው። ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ ፖዘቲቭ ሊያሳይ ይችላል። «ታክሜ እንደገና ተገኘብኝ» እያሉ ደጋግመው አንቲባዮቲክ የሚወስዱ ሰዎች አሉ፤ ምናልባት ከብዙዎቹ ላይ በሽታው ከሄደ ቆይቷል። አሁን መኖሩን የሚያሳየው የሰገራ አንቲጅን ወይም የትንፋሽ ምርመራ ነው።
- የሰገራውን ምርመራ ለመስጠት ኦሜፕራዞልና መሰሎቹን ለ2 ሳምንት፣ አንቲባዮቲክን ለ4 ሳምንት ማቆም ያስፈልጋል። አለበለዚያ ባክቴሪያው እያለ «የለም» ሊል ይችላል። መድኃኒት ያዘዘላችሁ ሐኪም ካለ ግን ከማቆማችሁ በፊት እሱን አማክሩት።

ሕክምናው ከተጀመረ ደግሞ እስከ መጨረሻው ቀን ይዋጣል። «ተሻለኝ» ብሎ በአምስተኛው ቀን ማቆም ባክቴሪያውን ከመድኃኒቱ ጋር ማለማመድ ነው።

ኦሜፕራዞልስ? ጥሩ መድኃኒት ነው፣ አልጠላውም። አሲድ የሚረጩትን ጥቃቅን ፓምፖች ይዘጋል። ፓምፖቹ የሚነቁት ስንበላ ስለሆነ ከቁርስ በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ ነው የሚወሰደው። ሲያም ብቻ እንደ ከረሜላ የሚዋጥ አይደለም። ያለ ሐኪም ለዓመታት ሲወሰድ ደግሞ ቫይታሚን ቢ 12ና ማግኒዥየም ሊያሳንስ ይችላል።

4. ዱኦደነም፦ ሦስት ጎረቤቶች የሚገናኙበት

ከጨጓራ ስንወጣ የምናገኘው የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ዱኦደነም ይባላል። ወደ 25 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የላቲን ስሙም «12 ጣት» ከሚል የመጣ ነው፣ 12 ጣት ጎን ለጎን ቢደረደር ያን ያህል ይሆናልና። ብዙ ሰው «የጨጓራ ቁስለት» የሚለው በእውነቱ እዚህ ላይ የወጣ ቁስለት ነው።

ጉርሻችን አሁን ኮምጣጣ ገንፎ ሆኗል። እዚህ ሦስት ጎረቤቶች ይቀበሉታል።

ጉበት፦ ከቀኝ የጎድን አጥንቶች ሥር ነው፣ ክብደቱ ወደ 1.5 ኪሎ። ከብዙ ሥራዎቹ አንዱ ሐሞት ማመንጨት ነው። ሐሞት ስብን ልክ ሳሙና የሳህን ቅባት እንደሚበትነው ይበትናል።

የሐሞት ከረጢት፦ ከጉበት ሥር የተንጠለጠለች ትንሽ ከረጢት ናት። ሐሞትን ታጠራቅምና ቅባት ሲመጣ ጨምቃ ትለቃለች። ውስጧ ጠጠር ካለ ስትጨመቅ ታማለች። ለዚህ ነው የሐሞት ጠጠር ሕመም ቅባት የበዛበት ምግብ ከበሉ በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ማታ፣ በቀኝ በኩል ከጎድን ሥር የሚነሳውና ወደ ቀኝ ትከሻ ወይም ጀርባ የሚሄደው። በበዓል ማግስት «ጨጓራዬ ተነሳ» ከሚሉት መካከል እውነተኛ ሕመማቸው ይሄ የሆነ አሉ። ኦሜፕራዞል ጠጠር አያሟሟም። አልትራሳውንድ ግን ያሳያል።

ቆሽት፦ ይኸው አገኘናት! ከጨጓራ ጀርባ ተጋድማ የምትገኝ፣ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ የምትረዝም ናት። ስታርችን፣ ፕሮቲንንና ስብን የሚፈጩ ኢንዛይሞችን፣ አሲዱንም የሚያረክስ ፈሳሽ ትልካለች። ኢንሱሊንንም ለደም የምትሰጠው እሷ ናት። ቆሽት በእውነት «ስታርር»፣ ማለትም ስትቆጣ፣ ሕመሙ ከባድ ነው። የላይኛው ሆድ ላይ ይጀምርና ወደ ጀርባ ይዘልቃል፣ ወደ ፊት ጎንበስ ሲሉ ትንሽ ቀለል ይላል፣ ማስመለስ ይኖረዋል። ዋና መነሻዎቹ የሐሞት ጠጠርና የአልኮል መጠጥ ናቸው። ይሄ ተኝቶ መታከምን ይጠይቃል።

5. ትንሹ አንጀት፦ እውነተኛው ገበታ

ምግብ ወደ ሰውነታችን የሚገባው እዚህ ነው። ትንሹ አንጀት ወደ 6 ሜትር ይደርሳል። ተማሪ እያለሁ አናቶሚ ክፍል ውስጥ ሲዘረጋ ሳይ «ይሄ ሁሉ የት ነበር የተቀመጠው?» ብዬ ነበር። ውስጡ ደግሞ ለስላሳ አይደለም፤ እንደ ፎጣ ክር ባሉ ጥቃቅን ጣቶች የተሞላ ነው። ሁሉም ቢዘረጋ ወደ 30 ካሬ ሜትር እንደሚሆን ይገመታል፤ የአንድ ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም ወለል ያህል ማለት ነው።

እንጀራው ስኳር ሆኖ፣ ሥጋውና ሽሮው አሚኖ አሲድ ሆነው በደም ሥር ወደ ጉበት ይሄዳሉ። ስቡ ደግሞ በሌላ መንገድ፣ በሊምፍ በኩል ዞሮ ደም ውስጥ ይገባል።

እዚህ ሰፈር የሚኖር አንድ የማይጋበዝ እንግዳም አለ፤ የኮሶ ትል። ከጥሬ ሥጋ የሚመጣ ሲሆን ትንሹ አንጀት ላይ ተጣብቆ በርካታ ሜትሮች ሊያድግ ይችላል። ቁርጥ ወዳጆች፣ ሰገራችሁ ላይ ወይም የውስጥ ልብሳችሁ ላይ ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ካያችሁ አትፈሩ፣ አትፈሩም፤ በቀላሉ ይታከማል። በደንብ የበሰለ ሥጋ ግን ጭራሽ አያመጣውም።

6. ትልቁ አንጀት፦ ውኃ ቆጣቢው

ትልቁ አንጀት 1.5 ሜትር ገደማ ነው፤ በቀኝ በታች ጀምሮ ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ታች ይወርዳል። አሁን ይቺን ሒሳብ እዩ፦ ከምንጠጣውና ሰውነታችን ከሚያመነጨው ጋር በቀን ከ8 እስከ 9 ሊትር ፈሳሽ ወደ አንጀት ይገባል። በሰገራ የሚወጣው ግን ከ200 ሚሊ ሊትር አይበልጥም። ሌላው በሙሉ ተመልሶ ይመጠጣል፤ አብዛኛውን ትንሹ አንጀት፣ የቀረውን ትልቁ።

ተቅማጥ ለምን ሕፃን እንደሚገድል አሁን ገባችሁ? ይሄ መምጠጥ ሲበላሽ የሚፈሰው ውኃና ጨው ነው። ኦ አር ኤስ የሚያድነውም በምትሃት አይደለም። አንጀት ውስጥ ጨውና ስኳር አብረው ሲመጡ ብቻ የሚከፈት በር አለ፤ እነሱ ሲገቡ ውኃ ይከተላቸዋል። ለዚህ ነው እሽጉ ላይ በተጻፈው የውኃ መጠን ልክ መበጥበጥ ያለበት። ለስላሳ መጠጥ ስኳሩ ስለሚበዛ ውኃን ወደ አንጀት ስቦ ተቅማጡን ሊያብሰው ይችላል። ለልጆች ከኦ አር ኤስ ጋር ዚንክ ይሰጣል፤ ጡት የሚጠባም መጥባቱን አያቁም።

ትልቁ አንጀት ውስጥ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። እኛ ያልፈጨነውን አሰር ይመገባሉ፣ ቫይታሚን ኬ ያመርታሉ፣ ጋዝም ይፈጥራሉ። ከሽሮና ከባቄላ በኋላ መነፋት ብዙ ጊዜ የእነሱ ሥራ ነው እንጂ በሽታ አይደለም። የጉርሻችን ጉዞ በአጠቃላይ ከ1 እስከ 3 ቀን ይፈጃል። በቀን 3 ጊዜም ሆነ በሳምንት 3 ጊዜ መጸዳዳት፣ ካልተቸገራችሁ፣ ጤናማ ነው።

የሕመም ካርታችሁ

👉 የላይኛው ሆድ መሐል፦ ጨጓራ፣ ዱኦደነም፣ ቆሽት። ግን ልብም ሊሆን ይችላል! ጭንቅ ያለ ጫና፣ ላብ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ ሕመም ካለ፣ በተለይ ስኳር ወይም ደም ግፊት ላለበት ሰው፣ ኦሜፕራዞል ፍለጋ ጊዜ አታጥፉ። ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።
👉 ቀኝ ላይኛው፦ ጉበትና የሐሞት ከረጢት።
👉 እምብርት ዙሪያ ጀምሮ በሰዓታት ውስጥ ወደ ቀኝ ታችኛው የወረደ፦ ትርፍ አንጀት። ስትራመዱ ወይም መኪና ሲያነጥራችሁ የሚብስ ከሆነ የበለጠ ጠርጥሩ።
👉 ታችኛው ሆድ በሴቶች፦ ማህፀንና እንቁላል ማምረቻም አሉ። የወር አበባ የቀረባት ሴት ድንገት ካመማት ከማህፀን ውጭ እርግዝና ሊሆን ስለሚችል በፍጥነት መታየት አለባት።

ቀጠሮ የማይሰጣቸው ምልክቶች

- ደም ወይም የቡና አተላ የመሰለ ማስመለስ
- እንደ ሬንጅ የጠቆረና የሚሸት ሰገራ (የአይረን ክኒንም ያጠቁራል፤ የምትወስዱ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩት)
- ሆድ እንደ ጣውላ መድረቅ
- ሆድ ተነፍቶ ፈስም ሰገራም አልወጣ ማለት፤ አንጀት ተጠማዞ ሊሆን ይችላል
- የዓይን ቢጫ መሆን

ቀን ሳታስረዝሙ መታየት ያለባቸው ደግሞ፦ ሳይፈልጉ መክሳት፣ ምግብ መቀርቀር፣ የማያቋርጥ ማስመለስ፣ የደም ማነስ፣ በተለይ ዕድሜ ከገፋ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የጀመረ የሆድ ሕመም።

ከዛሬ ጀምሮ ሐኪም ጋር ስትገቡ «ጨጓራ አለብኝ» አትበሉን። አራት ነገር ንገሩን፦ በአንድ ጣታችሁ ቦታውን አሳዩን፣ መቼ እንደሚጀምር፣ ወዴት እንደሚሄድ፣ ምን እንደሚያባብሰውና ምን እንደሚያስታግሰው። የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ የጀርባ ማስታገሻውንም ጭምር፣ ይዛችሁ ኑ። እመኑኝ፣ በነዚህ አራት መልሶች ግማሹ ምርመራ አልቋል።

ይሄ ጽሑፍ ለግንዛቤ ነው፤ አካላዊ ምርመራን አይተካም። ቤታችሁ ውስጥ ለወራት ኦሜፕራዞል የሚውጥ አባት ወይም በየቀኑ ዳይክሎፌናክ የምትወስድ እናት ካለች ግን ይሄን አንብቡላቸው። ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ፣ አቅሜ በፈቀደ እመልሳለሁ። ለወዳጅ ዘመድም አጋሩት።

መልካም ጤና፣ መልካም ምግብ!